ፎም የሚቀርጸው የጋለ ሽቦ

አሜሪካዊው የአውሮፕላን ንድፍ ባለሙያ ቡርት ሩታን እ.ኤ.አ. በ1975 ቫሪኢዝ የተባለች ትንሽ አውሮፕላን ሠርቶ አበረረ። ንድፏን ገዝተው በየጋራዣቸው የሠሯት ሰዎች የክንፏን ውስጠኛ አካል ያወጡት ከፎም ነበር። በፎሙ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ የክንፉን ቅርጽ የያዘ ጠንካራ ሰሌዳ ይቸነክራሉ፤ በሰሌዳው ጠርዝ ላይ ተራ ቁጥር ይጽፋሉ። ከዚያ ሁለት ሰዎች የተወጠረውን የጋለ ሽቦ በየጫፉ ይዘው፣ ቁጥሩን ጮክ ብለው እየጠሩ፣ እኩል እየተራመዱ ፎሙን ይቆርጣሉ። አንዱ ሦስት ላይ ሲደርስ ሌላው አራት ላይ ከሆነ ክንፉ ይጣመማል። ሲያልቅ ፎሙ ፋይበርግላስ ይለብስና ሰው ተሸክሞ ይበራል።

ዛሬ የእነዚያን ሁለት ሰዎች ሥራ የሚሠራው በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን ነው። ሁለት ማማዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ሽቦው በመካከላቸው ይወጠራል። እያንዳንዱ ማማ የያዘውን የሽቦ ጫፍ ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደላይና ወደታች ያንቀሳቅሳል። ለአራቱ እንቅስቃሴ ቢያንስ አራት ስቴፐር ሞተር ያስፈልጋል። የተለመደው ስቴፐር ሞተር አንድ ዙር የሚጨርሰው በ200 እርምጃ ነው። በአንድ ዙር 8 ሚሊ ሜትር ከሚያስኬድ ባለጥርስ ዘንግ ጋር ሲገጠም በአንድ እርምጃ የሚጓዘው 0.04 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ይህን ያህል የሚጠነቀቅ እጅ የለም። ሞተሮቹን እንደ አርዱዊኖ ያለ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ያዛቸዋል፤ እሱም ጂ-ኮድ የሚባለውን ትእዛዝ ከኮምፒውተሩ ተቀብሎ መስመር በመስመር ይፈጽማል።

ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ ኒክሮም ነው፤ የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ። የሚግለውም የኤሌክትሪክ ምጣድ በሚግልበት መንገድ ነው፤ በሬዚስታንሱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ሙቀት ይፈጠራል። ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር የሆነ የኒክሮም ሽቦ 9 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ አለው፤ 2 አምፔር ለማሳለፍ 18 ቮልት ይበቃዋል። ሽቦው ሲግል ስለሚረዝም ይረግባል። ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሲጨምር ያው 1 ሜትር ሽቦ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ለዚህ ነው በአንዱ ጫፍ ሞላ ወይም የሚጎትት ክብደት የሚታሰርለት።

የዚህ ሙያ ዋና ምስጢር ሽቦው ፎሙን ቆርጦ የማያልፍ መሆኑ ነው። የፎሙ ዋና ነገር ፖሊስታይሪን የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ በነጩ ፎም ይዘት ውስጥ 98 በመቶ የሚሆነው አየር ነው፤ ፕላስቲኩ ደግሞ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይለሰልሳል። በደንብ የተስተካከለ ሽቦ ከመድረሱ በፊት ሙቀቱ ቀድሞ ፎሙን ያሸሸዋል። ስለዚህ የሚወጣው ክፍተት ሁልጊዜ ከሽቦው ውፍረት ይበልጣል። ሽቦው ዝግ ካለ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ከቸኮለ ፎሙን መግፋት ይጀምራል፣ መሐሉ ከሁለቱ ጫፎች ወደኋላ ይቀርና ይጎብጣል፣ ስል መሆን የነበረበት ማዕዘን ይዶለዱማል። ኮምፒውተሩ መንገዱን ያውቃል እንጂ የዛሬው ፎም ምን ያህል እንደሚቀልጥ አያውቅም። ያንን የሚያውቀው ቁራጭ ላይ ሞክሮ፣ ክፍተቱን በካሊፐር ለክቶ፣ ልኩን ለሶፍትዌሩ የሚነግረው ባለሙያ ነው። እኔ ጥሩውን ባለሙያ የምለየው በዚህ ነው።

ክንፍ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ሥሩ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ጫፉ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክንፍ እንበል። ሽቦው በሁለቱም በኩል እኩል ጀምሮ እኩል መጨረስ አለበት፤ ስለዚህ በሥሩ በኩል ያለው ሽቦ በእጥፍ ፍጥነት ይሮጣል። በጫፉ በኩል ዝግ የሚለው ሽቦ ደግሞ የበለጠ ያቀልጣል። ለሁለቱ ጎኖች አንድ ዓይነት የክፍተት ማካካሻ የሰጠ ሰው ጫፉ የሳሳ ክንፍ ይዞ ይቀራል። የክንፉን ቅርጽ ራሱን መፈልሰፍ ግን አያስፈልግም። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ከ1,000 በላይ የክንፍ ቅርጾችን ነጥብ በነጥብ አሰባስቦ ለማንም ክፍት አድርጓል።

ማሽኑ ፊደልም ይቆርጣል፤ የእኛ ፊደል ግን የራሱን ፈተና ያቀርብለታል። ሽቦው ከውጭ ገብቶ ወደ ውጭ የሚወጣ አንድ ያልተቋረጠ መስመር ነው፤ በአየር ላይ ዘሎ ሌላ ቦታ ማረፍ አይችልም። ለ፣ ሰ እና በ አያስቸግሩም፤ ዙሪያቸውን ዞሮ ይጨርሳል። ዐ ግን አንድ የተዘጋ ቀዳዳ አለው፣ መ ሁለት። እዚያ ለመድረስ ሽቦው የፊደሉን አካል በቀጭኑ ሰንጥቆ ይገባል፣ ቀዳዳውን ዞሮ በገባበት ስንጥቅ ይወጣል። ስንጥቁ ዓይን በማይጥልበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከሥር በኩል ቢሆን ይመረጣል። ከሁሉም የሚያስቸግረው እንደ ቤ እና ሌ ያሉ ፊደሎች የያዙት ትንሿ ቀለበት ናት። ሽቦው በጠባብ ቦታ ሲዞር ሙቀቱ ስለሚከማች ቀዳዳዋ ከተሳለው በላይ ይሰፋል፣ ቀለበቷም ትሳሳለች። ለወረቀት የተሳለ ፊደል እንዳለ ለሽቦ አይሆንም፤ ቀለበቶቹን አወፍሮ እንደገና መሳል ይገባል። ስንጥቁን ሲያጣብቁ በውሃ የሚሟሟውን ነጭ ኮላ ይጠቀሙ፤ አሴቶን ወይም ቤንዚን ያለበት ማጣበቂያ ፎሙን ራሱን ያሟሟዋል።

ማሽኑ የማይችለውም አለ። ሽቦው ቀጥ ያለ ስለሆነ ጎድጓዳ ሳህን ወይም የሰው ፊት አያወጣም፤ ለዚያ የሚሽከረከር መቁረጫ ያለው ሌላ ማሽን ያስፈልጋል። ለክንፍ፣ ለፊደል፣ ለዓምድና ለግድግዳ ጌጥ ግን በዚህ ዋጋ የሚወዳደረው አላውቅም። የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች በጥቂት ወጪ ራሳቸው ሠርተው ሜካኒክስን፣ ኤሌክትሪክንና ፕሮግራሚንግን አብረው የሚማሩበት ማሽን ነው፤ አሠልጣኞች ቢያስቡበት እወዳለሁ።

ለመሥራት የተነሳ ሰው ግን ይህን ይያዝ። የሚቀልጠው ፎም ስታይሪን ያለበት ጭስ ስለሚያወጣ ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ወይም ጭሱን ወደ ውጭ በሚስብ ማራገቢያ ሥር ይሁን። የፍራሽና የሶፋ ስፖንጅ ፖሊዩሬቴን ነው፤ በጋለ ሽቦ ሲነካ ከመቅለጥ ይልቅ እየተቃጠለ መርዛማ ጋዝ ስለሚለቅ በፍጹም አይሞከርም። ፒቪሲም እንዲሁ። ሞተሮቹ በሆነ ምክንያት ቆመው ሽቦው እንደጋለ ፎሙ ውስጥ ከቀረ እሳት ሊነሳ ይችላል፤ ስለዚህ የሽቦው ማጥፊያ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሁን፣ ማሽኑ እየሠራም ሰው አጠገቡ ይቁም።