ከካሴት እስከ 4ኬ፦ በቤታችን የምናየው ፊልም የማን ምስል ነው?



የዛሬውን ገለጻ ከአንዲት ቪዲዮ ቤት እጀምራለሁ። ልጅ ሳለሁ በቆቦ ገበያ አጠገብ በቆርቆሮ የተከደነች፣ መስኮቷ በጆንያ የተጋረደ ቪዲዮ ቤት ነበረች። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ከፊታችን አንድ ቴሌቪዥንና አንድ የካሴት ማጫወቻ አለ። ካሴቱ ከሌላ ካሴት የተቀዳ፣ ያም ከሌላ የተቀዳ ስለነበረ የተዋንያኑ ፊት በቀይ ጭጋግ የተዋጠ ነበር። ለብዙ ዓመታት ሕንድ አገር ሰማዩም ሰዉም ወደ ቀይ የሚያደላ ይመስለኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ከእነዚያ ፊልሞች አንዱን በጥሩ ቅጂ ስመለከት ሰማዩ እንደ ዞብል ተራሮች ሰማይ ሰማያዊ ሆኖ አገኘሁት። ያን ቀን ደስ ሊለኝ ሲገባ ተታለልኩ የሚል ስሜት ያዘኝ።

ጥያቄያችን ከዚህ ይነሣል። ካሴት አልፎ ዲቪዲ፣ ዲቪዲ አልፎ ብሉሬይ፣ ከዚያም 4ኬ መጥቷል። እያንዳንዱ ሲመጣ «ፊልሙን ሠሪው እንዳሰበው ያሳያችኋል» ተብሎ ይሸጣል። እውነት ነውን? አዲሱ የቪዲዮ ዓይነት ከቀደመው የበለጠ ምስል የመያዝ አቅም እንዳለው አልክድም። ይህ አቅም ግን ምስሉን ለመጠበቅም ሆነ ለመለወጥ እኩል ያገለግላል፤ ታማኝነቱ የሚወሰነው ቅጂውን ባዘጋጀው ሰው እጅ ነው።

ስለ አቅሙ ባጭሩ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1976 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው የቪኤችኤስ ካሴት በአግድም የሚለየው ዝርዝር 240 ያህል ብቻ ነበር። በ1996 የመጣው ዲቪዲ በእኛ አገር በሚሠራበት የፓል ሥርዓት 720 በ576 ነጥቦችን ይይዛል። የ2006ቱ ብሉሬይ 1920 በ1080፣ የ2016ቱ የ4ኬ ዲስክ ደግሞ 3840 በ2160 ነጥብ ያሳያል። የኋለኛው ሌላም ነገር ጨምሯል፤ ቀደምቶቹ 100 ኒት ለሚደርስ ብርሃን ሲዘጋጁ የ4ኬ ዲስክ ብዙ ጊዜ እስከ 1000 ኒት ለሚደርስ ብርሃን ይዘጋጃል። ይህ ለእኛ ቆላ ሰዎች ትንሽ ነገር አይደለም። በጥቅምት ማሽላው ሲያፈራ የራያን ሜዳ እኩለ ቀን ላይ የተመለከተ ሰው ያውቀዋል፤ ሜዳው ዓይን ያጥበረብራል፣ ከዳሱ ጥላ ሥር የተቀመጠው ገበሬ ፊት ደግሞ ጥቁር ነው። ካሴት ሁለቱን በአንድነት መያዝ አይችልም ነበር፤ ወይ ሜዳው ነጭ ይሆናል ወይ ገበሬው ጥላ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ አንድ የታወቀ የአገራችን ፊልም ልለፍ። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» የተሰኘውን ፊልም የቀረጸው የዘውዱ ሥርዓት በሚወድቅበት ዘመን፣ በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ለእይታ የበቃው ይህ ፊልም 150 ደቂቃ ይፈጃል። ጭሰኛ ቤተሰብ በባለ ርስቱ መሬት ላይ ሲለፋ ካሜራው ርቆና ታግሦ ይመለከታል። የፊልሙ መልክ ይህ ትዕግሥት ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በ24 ፍሬም የተቀረጸ ፊልም እንዲሁ ወደ ፓል ሲገለበጥ በሰከንድ 25 ፍሬም ስለሚሄድ 150 ደቂቃው 144 ይሆናል። ስድስት ደቂቃ የሚጠፋው ምንም ትዕይንት ሳይቆረጥ ነው፤ የገበሬው እርምጃ በሙሉ በጥቂቱ ይፈጥናል። ስፋቱ 4፣ ቁመቱ 3 የሆነውን ክፈፍ ለዛሬው ሰፊ ቴሌቪዥን ሲሉ ከላይና ከታች ቢቆርጡት ደግሞ የምስሉ ሩብ ይሄዳል፤ ሰማይ ወይም አፈር ማለት ነው። ሰማይና አፈር የሌለበት የእርሻ ፊልም ምን እንደሚሆን ለእናንተ እተዋለሁ።

ብሉሬይ በ24 ፍሬም ስለሚያጫውት የፍጥነቱን ችግር ፈታው። የፊልሙን ቅንጣት፣ ማለትም ብርሃኑን የያዙትን ጥቃቅን የብር ነጠብጣቦች አሻራ፣ ለማሳየትም በቂ ስፍራ አለው። ሆኖም ብዙ አሳታሚዎች ቅንጣቱን እንደ ቆሻሻ ቆጥረው በኮምፒውተር ያጥቡታል። ከቅንጣቱ ጋር የቆዳው ሸካራነት፣ አቧራውና የጥጡ ክር አብረው ይታጠባሉ። በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ምስሉ የቆመው በቅንጣቱ ስለሆነ የሚቀረው ሰም የተቀባ ፊት ነው።

«ታዲያ ዳይሬክተሩን እንጠይቅ» ትሉ ይሆናል። እኔም እንዲህ አስብ ነበር። ዊልያም ፍሪድኪን በ1971 የሠራው «ዘ ፍሬንች ኮኔክሽን» በ2009 በብሉሬይ ሲወጣ ዳይሬክተሩ ራሱ ቀለሙን አደብዝዞ ለወጠው። ፊልሙን የቀረጸው ኦወን ሮይዝማን በአደባባይ ተቃወመ። በ2012 ሁለቱ የተስማሙበት ሌላ ቅጂ ወጣ። ስለዚህ «የፊልም ሠሪው ሐሳብ» ስንል የማን፣ የመቼስ ሐሳብ ነው? የሠላሳ ዓመቱ ወጣት ወይስ የሰባ ዓመቱ ሽማግሌ? ኔጌቲቩ ላይ ያለው ወይስ ተመልካቹ በሲኒማ አዳራሽ ያየው? ኔጌቲቭ በሲኒማ ቅጂው ላይ ፈጽሞ ያልታየ ዝርዝር ስለሚይዝ፣ ከኔጌቲቭ የተሠራ 4ኬ ማንም ያላየውን ነገር ሊያሳየን ይችላል። በእኔ አስተያየት መነሻ መሆን ያለበት ፊልሙ በተሠራበት ዘመን የታየው ቅጂ ነው፤ ዳይሬክተሩ ሊለውጠው ከወደደ አዲስ ሥራ ብሎ ይሰይመው። በዚህ የማይስማሙ ባልደረቦች እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ።

ቴሌቪዥኑም ንጹሕ አይደለም። ብዙዎቹ ዘመናዊ ስክሪኖች በሁለት ፍሬሞች መካከል ያልተቀረጸ ፍሬም ፈጥረው እንቅስቃሴውን ያለሰልሳሉ። ይህንና መሰሉን በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ «ፊልምሜከር ሞድ» የተባለ ምርጫ በ2019 ይፋ ሆኗል፤ ቴሌቪዥናችሁ ካለው አብሩት።

እስከዚህ የተናገርሁት ስለ ልብ ወለድ ፊልም ነው። የእኛን አካባቢ በይበልጥ የሚነካው ግን ዘጋቢ ፊልም ነው። ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የተቀረጸውን የረሃብ ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አቀረበ፤ ምስሉ ባለ ቀለም ነበር። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም፣ በዘመን መለወጫ ምሽት፣ በአገራችን ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ሥርጭቱ ገና ባለ ቀለም ስላልነበረ ሕዝቡ ያየው በጥቁርና ነጭ ነው። በዚያ ላይ የቤተ መንግሥት ድግስ ምስል በመካከሉ ገብቶበታል። የትኛው ነው ትክክለኛው? እንደ ፊልም ሠሪው ሐሳብ የመጀመሪያው ነው። እንደ ታሪክ ከሆነ ግን ሁለተኛው ራሱን የቻለ ሰነድ ነውና አንዱን በሌላው ልንተካ አይገባም።

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ በስልኩ ቪዲዮ ይዞ መጣ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም በቢቢሲ ከተላለፈው፣ ማይክል በርክና ሞሐመድ አሚን ከኮረም ካቀረቡት ዘገባ የተወሰደ ነው፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት «ወደ 4ኬ ከፍ የተደረገ» ይላል። እጅግ ጥርት ያለ ነው። ይህ ሥልት በትልልቆቹም ዘንድ ይሠራበታል፤ የጄምስ ካሜሩን «ኤሊየንስ» በ2024 በ4ኬ ሲወጣ ዳይሬክተሩ ራሱ ባጸደቀው ቅጂ የተዋንያኑ ፊት ሰም መሰለ ተብሎ ተተችቷል። ማሽኑ የጎደለውን ዝርዝር አያገኘውም፤ ካያቸው ሌሎች ፊቶች ገምቶ ይሞላዋል።

ቪዲዮውን ቆቦ ለሚኖሩት አክስቴ አሳየኋቸው። በሰባ ሰባት ድርቅ ከቆላው ወደ ኮረም ወጥተው ከተመለሱት አንዷ ናቸው፤ እናታቸው ግን አልተመለሱም። ጥርት ያለውን ቅጂ ዝም ብለው አዩትና «እነዚህን አላውቃቸውም» አሉ። ቀጥዬ የደበዘዘውን አሮጌ ቅጂ ከፈትሁላቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ሕዝቡ መካከል በተቀመጠች አንዲት ሴት ላይ ቆሙ። ፊቷ በደንብ አይታይም። «ይቺ የእኛ ሰው ናት፣ ሹሩባዋን እየው» አሉኝ። ወደ ጥርቱ ቅጂ ተመልሼ ያንኑ ቦታ ፈለግሁ። ማሽኑ የሹሩባውን መስመር አለስልሶ ሻሽ አድርጎት ነበር።