የግራፊክስ ካርድ የዋጋ ፉክክር ሳውዝ ሲ የማይደርሰው ለምንድን ነው?

በናይሮቢ፣ በዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያና በሞምባሳ መንገድ መካከል በሚገኘው የሳውዝ ሲ ሰፈር የሚኖርና ለኮምፒውተሩ ግራፊክስ ካርድ መግዛት የሚሻ ሰው ሁለት ዋጋ ይገጥመዋል። አንደኛው አምራቹ በበይነ መረብ ያስነገረው የዶላር ዋጋ ነው። ሁለተኛው መሀል ከተማ፣ ሞይ አቬኑ ወይም ሉቱሊ አቬኑ ሄዶ ከነጋዴው የሚሰማው የሽልንግ ዋጋ ነው። ሁለቱ እምብዛም አይቀራረቡም።

አምራቾች የሚያስነግሩት የአሜሪካን የመነሻ ዋጋ ሲሆን፣ የሽያጭ ግብርን አይጨምርም። ዕቃው ኬንያ ሲገባ 16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የማጓጓዣና የማስገቢያ ክፍያ፣ የአስመጪውና የቸርቻሪው ትርፍ ይደራረቡበታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ምንዛሪ አለ። በአውሮፓውያኑ 2024 መጀመሪያ አንድ ዶላር ወደ 160 ሽልንግ ይመነዘር ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 130 ገደማ ወረደ። የ300 ዶላር ካርድ ታክስ ሳይታሰብ ከ48 ሺህ ወደ 39 ሺህ ሽልንግ ዝቅ አለ ማለት ነው፤ አምራቹ አንድ ሳንቲም እንኳ ሳይቀንስ። በኢትዮጵያ የሆነው ተቃራኒው ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ።

ፉክክሩ የት ሄደ?

ፉክክር ዋጋን በእርግጥ የቀነሰበት ጊዜ ነበር። በአውሮፓውያኑ 2008 ኤኤምዲ ‘ራዲዮን ኤችዲ 4870’ የተባለውን ካርድ በ299 ዶላር ሲያቀርብ፣ ተቀናቃኙ ኤንቪዲያ በ649 ዶላር ያወጣውን ‘ጂቲኤክስ 280’ በሳምንታት ውስጥ ወደ 499 ዶላር ለማውረድ ተገዷል።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። በ2025 የኤንቪዲያ ‘አርቲኤክስ 5070’ እና የኤኤምዲ ‘አርኤክስ 9070’ ገበያ ላይ የዋሉት በአንድ ዓይነት የመነሻ ዋጋ፣ በ549 ዶላር ነው። ሁለተኛው ኩባንያ የመጀመሪያውን ዋጋ አይቶ የራሱን ይተምናል። በ2023 ኤኤምዲ ‘አርኤክስ 7600’ን በ299 ዶላር ሊሸጥ አስቦ፣ ኤንቪዲያ በዚያው ዋጋ አዲስ ካርድ ማስተዋወቁን ሲያይ በመጨረሻዎቹ ቀናት ወደ 269 ዝቅ ማድረጉ ይታወሳል። ይህን የዋጋ ጦርነት ማለት ይከብዳል።

ኤንቪዲያ ለመዋጋት የሚያስቸኩለው ነገር የለም። በ2025 ለኮምፒውተር ለብቻቸው ከሚሸጡ ግራፊክስ ካርዶች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የእርሱን ቺፕ የያዙ ነበሩ። ጥር 2025 በተጠናቀቀው የበጀት ዓመቱ ካገኘው 130 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገቢ 115 ቢሊዮኑ ከዳታ ማዕከላት፣ በተለይም ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ የመጣ ሲሆን፣ የጨዋታ ካርዶች ድርሻ 11 ቢሊዮን ያህል ብቻ ነው። ሁለቱም ኩባንያዎች ቺፖቻቸውን በአብዛኛው የሚያስመርቱት በታይዋኑ ቲኤስኤምሲ በመሆኑ፣ ለጨዋታ ካርድ የሚውለው የማምረት አቅም ብዙ ትርፍ ለሚያስገኘው የዳታ ማዕከል ቺፕም ይፈለጋል።

የ75 ዋት ገበያ

ናይሮቢ ውስጥ ግን ብዙው ገዢ የ549 ዶላር ካርድ አይፈልግም። በከተማዋ በስፋት የሚሸጡት ‘ኤክስ ዩኬ’ የሚባሉት፣ በውጭ አገር ቢሮዎች ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ናቸው። የእነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ አነስተኛ ነው፤ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ገመድም ብዙውን ጊዜ የላቸውም። ስለዚህ የሚስማማቸው ከማዘርቦርዱ ብቻ በሚያገኘው ኃይል፣ ማለትም ቢበዛ በ75 ዋት የሚሠራ ካርድ ነው።

በዚህ እርከን ፉክክር የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኤንቪዲያ ‘ጂቲኤክስ 1650’ን በ2019 በ149 ዶላር አወጣ። ኤኤምዲ በ2022 ‘አርኤክስ 6400’ን ይዞ ቢመጣም፣ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት የመረጃ መስመሮች ብቻ በመሆኑ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አቅሙ ይቀንሳል። ርካሽ ካርድ የሚገዛው ደግሞ በአብዛኛው አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው ነው። የኢንቴል ‘አርክ’ ካርዶችም በአግባቡ ለመሥራት አሮጌ ማዘርቦርዶች የማይሰጡትን ቅንብር ይጠይቃሉ። በ2025 የወጣው የኤንቪዲያ ‘አርቲኤክስ 5050’ የመነሻ ዋጋ 249 ዶላር ነበር፤ 130 ዋት ስለሚፈልግ ያለ ተጨማሪ ገመድ አይሠራም።

በዚህ የተነሳ የሳውዝ ሲው ገዢ እውነተኛ የዋጋ አማራጭ የሚያገኘው ካገለገሉ ካርዶች ነው። መስከረም 2022 ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱን ሲያቆም፣ ቀን ከሌት ሲሠሩ የነበሩ ካርዶች በብዛት ወደ ዓለም ገበያ ወጥተዋል። ሁሉም የተበላሹ አይደሉም፤ ነገር ግን ማራገቢያቸው ያረጀ፣ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባታቸው የደረቀ ይኖራሉ።

የባሰው ማታለል ሌላ ነው። አሮጌና ደካማ ካርድ በሶፍትዌር ስሙ ተቀይሮ እንደ አዲስ ሞዴል፣ ለምሳሌ እንደ ‘ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ’ ይሸጣል። ዊንዶውስም የተሰጠውን ስም ብቻ አምኖ ያሳያል። ‘ጂፒዩ-ዚ’ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ግን ቺፑን ራሱን ስለሚመረምር ብዙዎቹን ያጋልጣል። በመሆኑም ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ካርዱ በመደብሩ ኮምፒውተር ላይ ተገጥሞ በዚህ ፕሮግራም እንዲታይለት፣ ከዚያም ከባድ ጨዋታ ተከፍቶ ቢያንስ ለሩብ ሰዓት እንዲሠራ መጠየቅ ይችላል።