ሳነቴ ላይ ብርድ ልብስ፣ መና ላይ አጎበር!

መኪና ውስጥ ማደር የቸገረው ሰው ነገር ነው ያለው ማነው? ፈረንጆቹ የቮልስዋገን ሚኒባሳቸውን ቤት አድርገው፣ አልጋና ምድጃ ገጥመውለት፣ ከባህር ዳርቻ ባህር ዳርቻ መዞር ከጀመሩ ስንት ዘመናቸው! እኛ ጋ ሽርሽር ማለት ሆቴል ነው። ላንጋኖም ሆቴል፣ ሐዋሳም ሆቴል። በልተን፣ ጠጥተን፣ ፎቶ ተነሥተን እንመለሳለን። ያደርንበትን ከተማ የምናውቀው በመስኮት ነው።

ባህር የለንም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው የለንም። ግን ባሌ ውስጥ፣ ከሳነቴ አምባ ጫፍ ላይ ቆሞ ጠዋት በሐረና ደን ላይ የተኛውን ደመና ቁልቁል ያየ ሰው ለአፍታ ይጠራጠራል። ከዚያ ደመና በታች፣ ከደኑ ማዶ፣ ደሎ መና የምትባል ሞቃት ከተማ አለች። ጥር ላይ እዚያ ድረስ በመኪና እያደርን ሄደን ነበርና የዛሬው ወጌ እሱ ነው።

አራት ነን። እኔ፣ የሁለተኛ ደረጃ ጓደኛዬ፣ እጮኛዋ ለመሆን ደጅ የሚጠናው ሰው፣ እና ጋሼ የምንላቸው ሾፌራችን። ነገሩ የተጠነሰሰው ሰውየው ሽማግሌ ልላክ ባለ ጊዜ ነው። እሷ ሆዬ፣ «መጀመሪያ አንድ ሳምንት መንገድ እንውጣ፤ ሆቴል የለም፤ ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ይደርሳል» አለችው። ሳቀና እሺ አለ። ቀልድ መስሎት ነበር መሰለኝ። እሷ ግን የምሯን ነው።

አባዱላ ተከራየን። የኋላውን ወንበር አስነቅለን ስፖንጅ ፍራሽ ዘረጋን፤ መጋረጃ ሰፋንለት። ቡታጋዝ፣ ባለ 20 ሊትር ሁለት ጄሪካን ውሃ፣ የእጅ ባትሪ፣ ገመድና ድንኳን ጫንን። ሁለታችን ሴቶች መኪናው ውስጥ፣ ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ሊያድሩ ተስማማን። ይህን ከመውጣታችሁ በፊት ተነጋገሩበት፤ ማታ በጨለማ የሚወሰን ነገር አይደለም።

ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ሮቤ ድረስ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዲንሾ ላይ የፓርኩን ክፍያ ከፍለን፣ የደጋ አጋዘኖቹን አይተን አለፍን። ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት። ጎባ ላይ ናፍጣ ሙሉ፤ ከዚያ በኋላ ማደያ አገኛለሁ ብሎ መሄድ ቁማር ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑንም እዚያው ጠይቁ። አዲስ አበባ የተወራው ሌላ፣ ጎባ የሚታወቀው ሌላ ነው።

ከጎባ በኋላ መኪናው ሽቅብ ማቃሰት ይጀምራል። ሳነቴ ከባህር ወለል በላይ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ አጠገቡ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩም ሰውም ይደክማል። ራስ ምታት የጀመረው ሰው ካለ በርትተህ ቻለው አይባልም፣ ወደ ታች ይወረዳል። ውሃው እዚያ ላይ በ87 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ድንቹ አልበስል አለን። ሰውየው ቡታጋዙን ረገመ፤ ቡታጋዙ ምን አደረገ!

አንድ ነገር ጮክ ብዬ ልናገር። ሌሊቱ ውሃ ያረጋል። ይብረዳችሁ እንጂ ከሰል ያለበት ምድጃ መኪና ውስጥም ድንኳን ውስጥም እንዳታስገቡ! የከሰል ጭስ ሽታ ሳይኖረው፣ እንቅልፍ መስሎ ነው የሚገድለው። መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ከፍታችሁ፣ ሦስት ብርድ ልብስ ደርባችሁ ተኙ።

ጠዋት ቀይ ቀበሮዋን አየናት። ከአይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆማ፣ ጆሮዋን አቁማ፣ እኛን ከቁብ ሳትቆጥር። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ቢሆኑ ነው፤ ከግማሽ በላዩ እዚህ ባሌ ነው ያለው። የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋልና ውሻ የምትወዱ ሰዎች ውሻችሁን ቤት ትታችሁ ኑ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ደስ ብሎን ነበር፤ ቀበሮዋ ግን የሰማች አትመስልም።

ቁልቁለቱ የመጣው ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ከሳነቴ ጫፍ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሐረና ደን ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ጢም ያበቀሉ የሚመስሉ የአስታ ዛፎች፣ ቀጥሎ ሪራ መንደር፣ ቀርከሃ፣ ከዚያ ሰማይ የማያሳይ ደን። ጋሼ በከባድ ማርሽ ይወርዳሉ፤ ሰውየው «እረ ፍጠን በላቸው» ይለኛል፣ እኔ የማዛቸው ይመስል። ወዲያው የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ መጣ። ጋሼ ቆሙና ቸርኬውን ተጠጉ። ሙቀቱ ከሩቅ ይገርፋል።

«ፍሬኑ ሞቋል። ካቻ ካምፑ ጋ እናድራለን» አሉ።

ሰውየው ተቆጣ። የመኪናው ኪራይ በቀን ነው፤ መና ደርሰን ሞቅ ያለ ቦታ ማደር ስንችል ጫካ ውስጥ ምን አደረገን? ድምፁን ከፍ አደረገ። «ሾፌር የተቀጠረው ለመንዳት ነው!» አለ። ጋሼ በዕድሜ አባቱ ይሆናሉ። ዝም አሉ። ጓደኛዬ ቀስ ብላ ጄሪካኑን አወረደችና፣ «እኔ እዚህ ነኝ የማድረው። መሄድ የፈለገ በእግሩ ይሂድ» አለች።

ማንም አልሄደም። እራት የተበላው በዝምታ ነው። እሳት እናንድድ ያለም አልነበረም፤ በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣውን፣ ተማሪና ወታደር የዘመተበትን ቃጠሎ የሚያስታውስ ሰው እዚያ ደን ውስጥ ክብሪት ሲጭር እጁ ይንቀጠቀጣል። ሐረና ውስጥ አንበሳ አለ። ስለዚህ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ብቻ አይኬድም፣ ምግብም ድንኳን ውስጥ አይቀመጥም። ጉሬዛዎቹ ንጋት ላይ ሲጮኹ ግን ሁላችንም ነቅተን ነበር፤ ሰውየውም ጭምር። የተኛ አልመሰለኝም።

በማግስቱ ፍሬኑ በርዶ፣ ጋሼ አይተውት፣ መና ገባን። ከጎባ እስከዚህ 100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ከፍታው ግን ከሳነቴ ወደ 1,300 ሜትር አካባቢ ይወርዳል። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይጨምራል በሉና አስሉት። ትናንት ሦስት ብርድ ልብስ፣ ዛሬ ሹራብ ማውለቅ፣ ከሰዓት ጥላ ፍለጋ! ቆላ ስለሆነ ወባ አለና አጎበር አትርሱ። እኛ የመኪናውን በር ከፍተን አጎበሩን በገመድ ወጠርነው፤ ባለ መጋረጃ አልጋ መሰለልን።

ከተማ ስትገቡ ባገኛችሁት ሜዳ ላይ አትቁሙ። አንዲት ትንሽ ማደሪያ ቤት ጠይቀን፣ ዘበኛ ባለበት ግቢ ውስጥ ለማቆሚያና ለሻወር ብቻ ከፍለን አደርን። ከዚያ መኪናውን ትታችሁ በእግር ነው። መና በእግር የምትታይ ከተማ ናት። ግመሉ ከባጃጁ ጋር መንገድ ይጋፋል። ፓፓያና ሙዙ፣ ከሐረና የሚወርደው የጫካ ማር፣ የጫካ ቡናው። አብዛኛው ሰው ሙስሊም ስለሆነ ሻሽ ጣል ማድረግ፣ «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ መግባት ብዙ በር ይከፍታል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። የቀይ ቀበሮዋ ትዕግሥት ሰው ላይ አይጠበቅም።

አንዲት እናት በራቸው ላይ ተቀምጠው «ኮታ፣ ቡና ዱጋ» አሉን። ገባን። ቡናው ከነገለባው በቅቤ የተጠበሰ፣ ቡና ቀላ የሚሉት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለቀመሰ ሰው ግራ ያጋባል፤ ሁለተኛው ፍሬ ላይ እጅ ራሱ ይመለሳል። እናትየዋ መጀመሪያ የሰጡት ለጋሼ ነው፤ ለታላቅ። ሰውየው ይህን አየ። ሲኒው ተራውን ጠብቆ እስኪደርሰው አቀርቅሮ ቆየና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጋሼ፣ ትናንት ስለተናገርኩት ይቅርታ» አለ።

እሷን ይቅርታ አልጠየቃትም። ማታ አጎበሩ ውስጥ ስንንሾካሾክ ይህን አነሣሁባት። «እኔን አላዋረደኝም እኮ፤ ያዋረደው እሳቸውን ነው» አለችኝ። እኔ ግን አሁንም ልቤ አልሞላም። ሰው ሲኒ ተይዞለት ይቅርታ ማለቱ ጥሩ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ድምፁን የሚቀንስ ቢሆን ይሻላል። ልታገባው የምታስበው እሷ እንጂ እኔ አይደለሁ።

ሁለት ሌሊት መና አደርን። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ወደ መዳ ወላቡና ወደ ነገሌ ቦረና ይሄዳል፤ ጊዜ ያለው ይሞክረው። እኛ በመጣንበት ተመለስን። ሽቅቡን ሰውየው ከፊት ከጋሼ ጎን ተቀምጦ ሬዲያተር እስኪበርድ ውሃ እያቀበለ፣ ሪራ ላይ ማር እየገዛ፣ ዝም ብሎ ነበር። ሽማግሌ የመላኩ ነገር ለጊዜው ቆሟል። እሱ ግን ባለፈው ሳምንት ደውሎልኝ ያንን ስፖንጅ ፍራሽ ማን ጋ እንዳለ ጠየቀኝ፤ ሶፍ ዑመር ዋሻን ማየት ትፈልጋለች ብሎ።