የመኪና ቀለም መርጫ ክፍል

የመኪና ቀለም መርጫ ክፍል በጋራዥ ውስጥ መኪና በቀለም ሽጉጥ የሚቀባበት፣ ዙሪያው የተዘጋና አየሩ በማራገቢያና በማጣሪያ የሚመራ ክፍል ነው። ብዙዎቹ ክፍሎች ቀለሙን በሙቀት የማድረቅ ሥራም ስለሚሠሩ በኢትዮጵያ ጋራዦች ዘንድ በአጭሩ «ኦቨን» ይባላሉ። ክፍሉ ሦስት ዋና ዋና ተግባሮች አሉት፦ አቧራ እርጥብ ቀለም ላይ እንዳያርፍ መከላከል፣ መኪናው ላይ ያላረፈውን የቀለም ጉም ከቀቢው አካባቢ ጠርጎ ማውጣት፣ እንዲሁም የቲነር ትነት ተጠራቅሞ እሳት እንዳያስነሳ ማድረግ።

ለአንድ ጋራዥ ክፍሉን መግዛት ከፍተኛ ወጪ ነው። ከተተከለ በኋላ የአየሩን አቅጣጫ ወይም የክፍሉን ስፋት መለወጥ አስቸጋሪ ስለሆነ ምርጫው የሚወሰነው ከመግዛት በፊት በሚደረግ ስሌት ነው።

ታሪክ

በመኪና ኢንዱስትሪ መጀመሪያ ዘመን መኪና እንደ ሠረገላ በብሩሽ ይቀባ ነበር። ቀለሙ በብዙ ንብርብር ስለሚቀባና ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ሥራው ሳምንታት ይወስድ ነበር። በ1923 እ.ኤ.አ. ከዱፖንት ኩባንያ የወጣው ዱኮ የተባለው የናይትሮሴሉሎስ ቀለም በጄኔራል ሞተርስ የኦክላንድ መኪናዎች ላይ ሥራ ላይ ዋለ። ይህ ቀለም በሽጉጥ የሚረጭና ቶሎ የሚደርቅ በመሆኑ የቅብ ሥራውን ጊዜ በእጅጉ አሳጠረው።

ይሁን እንጂ የሚረጭ ቀለም በአየር ላይ ይበተናል። ስለዚህ የመርጨት ዘዴ በተስፋፋ ቁጥር አየር የሚስብና የሚያጣራ ክፍል አስፈላጊ ሆነ። በኋላም ከሃርድነር ጋር ተደባልቆ የሚቀባው የፖሊዩሬቴን ቀለም በጥገና ጋራዦች ተለመደ። ይህ ቀለም ጠንካራና አንጸባራቂ ነው፤ በሃርድነሩ ውስጥ ያለው ኢሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ግን የክፍሉን አስፈላጊነት ከጥራት ጉዳይ ወደ ጤና ጉዳይ አሸጋገረው።

የጤና አደጋ

ኢሶሳያኔት ወደ ሳንባ ሲገባ የሙያ አስም ያስከትላል። በብሪታንያ መኪና በመርጨት የሚቀቡ ሠራተኞች በሥራ ምክንያት ለሚመጣ አስም ከፍተኛ ተጋላጭነት ካላቸው ባለሙያዎች መካከል ይመደባሉ። ሰውነቱ አንድ ጊዜ ለኬሚካሉ የተቆጣ ሰው ከዚያ በኋላ በጣም ጥቂት መጠን እንኳ ሊያሳምመው ስለሚችል ሙያውን ለመተው ሊገደድ ይችላል።

አደጋውን የሚያከብደው ጉሙ አለመታየቱ ነው። ትልልቆቹ ጠብታዎች ይወርዳሉ፤ ጥቃቅኖቹ ግን በተራ መብራት ሳይታዩ በአየር ላይ ይቆያሉ። ቀቢው መርጨቱን ሲጨርስ አየሩ የጠራ መስሎት ጭንብሉን ካወለቀ ያኔውኑ ይተነፍሰዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል «የመጥሪያ ጊዜ» አለው፤ ይኸውም መርጨት ካቆመበት እስከ ጉሙ ተጠርጎ እስኪወጣ ያለው ጊዜ ነው። ጊዜው ክፍሉን በጭስ ሞልቶ ጭሱ እስኪጠፋ በሰዓት በመለካት ይታወቃል። በሚገባ የተሠራ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጠራል፤ ሰፊና አየሩ ደካማ የሆነ ክፍል ግን 20 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል።

ክፍሉ ጭንብልን አይተካም። ቀቢው ከጉሙ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ስለሚሠራ፣ ሃርድነር ባለው ቀለም ሲረጭ ከኮምፕረሰር የተጣራ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚቀርብለት ጭንብል ማድረግ አለበት። ተራ የአቧራ ጭንብል ከዚህ አይከላከልም።

ዓይነቶች

ክፍሎቹ የሚለዩት አየሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው።

አግድም ፍሰት፦ አየሩ ብዙውን ጊዜ በበሩ ላይ ባለው ማጣሪያ ገብቶ መኪናውን በቁመቱ እየዳሰሰ በስተኋላ ይወጣል። ጉድጓድ ስለማያስፈልገው ዋጋው ዝቅተኛና ተከላው ቀላል ነው። ድክመቱ ከፊት ፓራፋንጎ ላይ የተነሳው ጉምና አቧራ በቀሪው የመኪና አካል ላይ ማለፉ ነው። ቀቢውም ከጉሙ በታች በኩል ከቆመ በቀጥታ ወደ ፊቱ ይመጣበታል።

ከፊል ቁልቁል ፍሰት፦ አየሩ በጣሪያው የፊት ክፍል ገብቶ በሰያፍ ወደ ኋላ ግድግዳ ይወጣል። በዋጋም በጥራትም መካከለኛ ነው።

የጎን ቁልቁል ፍሰት፦ አየሩ በጣሪያው ሙሉ ርዝመት ገብቶ ከግድግዳዎቹ ሥር ባሉ መሳቢያዎች ይወጣል። ወለል መቆፈር በማይፈቀድበት ቦታ ይመረጣል።

ሙሉ ቁልቁል ፍሰት፦ ዳውንድራፍት በመባልም ይታወቃል። አየሩ ከመላው ጣሪያ ወርዶ በወለሉ የብረት ፍርግርግ በኩል ይሳባል። ጉሙ ከቀቢው ፊትና ከመኪናው ጎን ወደ ታች ስለሚሄድ ለጤናም ለጥራትም የተሻለው ይህ ነው። ነገር ግን የኮንክሪት ጉድጓድ ወይም ከፍ ያለ የብረት መድረክና መወጣጫ ይፈልጋል። ጋራዡ በኪራይ ቦታ ላይ ከሆነ ጉድጓዱ ሲለቅ የሚቀር ወጪ ስለሆነ መድረኩ ይሻላል፤ መድረኩን ፈትቶ መውሰድ ይቻላል።

የስፋትና የአየር ስሌት

የክፍሉ ስፋት የሚወሰነው ጋራዡ በሚቀበለው ትልቁ መኪና ነው። ቶዮታ ቪትዝ ከ4 ሜትር ያነሰ ርዝመት ሲኖረው ቶዮታ ሃይሉክስ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ከ5 ሜትር ይበልጣል። ቀቢው በመኪናው ዙሪያ ሽጉጡን እንደልቡ ለማንቀሳቀስ በየጎኑ 1 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። በዚህ ምክንያት 7 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ወርድና 2.7 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል ለቤት መኪናና ለፒክአፕ የተለመደ መጠን ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ ሚኒባስ የሚቀበል ጋራዥ የውስጡን ከፍታ ለብቻው ማስላት አለበት።

አስፈላጊው የአየር መጠን የሚገኘው አየሩ የሚያልፍበትን ስፋት በአየሩ ፍጥነት በማባዛት ነው። በአውሮፓ ለመኪና ጥገና በተሠሩ የቁልቁል ፍሰት ክፍሎች የተለመደው አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 0.3 ሜትር ነው። በአሜሪካ ለአግድም ፍሰት ለረጅም ጊዜ መነሻ ሆኖ ያገለገለው በደቂቃ 100 ጫማ፣ ማለትም በሰከንድ 0.5 ሜትር ያህል ነው።

ምሳሌ፦ ከላይ ለተጠቀሰው ክፍል
• ቁልቁል ፍሰት፦ 7 × 4 = 28 ካሬ ሜትር፤ 28 × 0.3 = በሰከንድ 8.4 ሜትር ኩብ፤ በሰዓት 30,240 ሜትር ኩብ።
• አግድም ፍሰት፦ 4 × 2.7 = 10.8 ካሬ ሜትር፤ 10.8 × 0.5 = በሰከንድ 5.4 ሜትር ኩብ፤ በሰዓት 19,440 ሜትር ኩብ።

ሻጭ ያቀረበው የማራገቢያ አቅም ከዚህ በጣም ካነሰ ክፍሉ በስም እንጂ በሥራ ቁልቁል ፍሰት አይደለም። አቅሙም መነበብ ያለበት ማጣሪያዎቹ በቦታቸው እያሉ ነው፤ ማራገቢያ ያለ ማጣሪያ ሲለካ ብዙ አየር ይገፋል።

ሙቀትና ነዳጅ

በመርጨት ጊዜ አየሩ በአብዛኛው 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንዲሆን ይደረጋል። ከተረጨ በኋላ ሃርድነር ያለው ቀለም በተለምዶ በ60 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ያህል ይደርቃል። ይህ ልክ የብረቱ ሙቀት እንጂ የአየሩ ሙቀት አይደለም፤ ብረቱ እስኪሞቅ ያለው ጊዜ ተጨማሪ ነው።

ብዙ ነዳጅ የሚበላው ክፍል ብዙዎች እንደሚገምቱት ማድረቁ ላይሆን ይችላል። በማድረቅ ጊዜ አብዛኛው አየር ተመልሶ ይዞራል፤ በመርጨት ጊዜ ግን የሞቀው አየር ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ 1 ሜትር ኩብ አየር 0.9 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በምሳሌው ክፍል በሰከንድ 8.4 ሜትር ኩብ አየርን ከ12 ወደ 22 ዲግሪ ለማሞቅ 75 ኪሎዋት ያህል ያስፈልጋል። ይህም በናፍጣ ማቃጠያ በሰዓት ከ8 እስከ 9 ሊትር ማለት ነው። እንደ አዳማ ወይም ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ከተሞች ይህ ወጪ በእጅጉ ይቀንሳል።

ናፍጣው የሚቃጠልበት ክፍል በብረት የሙቀት መለዋወጫ ከቅቡ አየር መለየት አለበት። መለዋወጫው ከተሰነጠቀ ጥላሸትና የተቃጠለ ጋዝ ወደ ቀቢው ይገባል።

ከፍታና የኤሌክትሪክ ኃይል

በባሕር ጠለል ደረጃ የተስተካከለ የናፍጣ ማቃጠያ በደጋ ከተሞች ኦክስጅን ስለሚያንሰው ያጨሳል፤ በተከላ ጊዜ እንደገና መስተካከል ይኖርበታል። ኮምፕረሰርም በካታሎጉ ከተጻፈው ያነሰ አየር ስለሚሰጥ ትንሽ ከፍ ያለ አቅም ያለው ይመረጣል።

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርትዝ ነው። ለ60 ኸርትዝ የተሠራ ማራገቢያ እዚህ ሲሠራ 17 በመቶ ያህል ቀስ ብሎ ይዞራል፤ የአየሩም መጠን በዚያው ልክ ይቀንሳል። በምሳሌው ክፍል 30,240 የነበረው ወደ 25,200 ሜትር ኩብ ይወርዳል። ስለዚህ ከውጭ ያገለገለ ክፍል የሚገዛ ሰው የሞተሩን መለያ ሰሌዳ ማንበብ አለበት። ትልልቅ ማራገቢያዎች ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ይፈልጋሉ፤ ጄኔሬተርም ከተፈለገ አቅሙ የሞተሮቹን የመነሻ ኃይል መሸከም ይኖርበታል።

ማጣሪያዎች

የጣሪያ ማጣሪያ የሚገባውን አቧራ ይይዛል፤ የወለል ወይም የመውጫ ማጣሪያ ደግሞ የቀለሙን ጉም ይይዛል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ደንብ የመውጫ ማጣሪያ ቢያንስ 98 በመቶ የቀለም ጉም እንዲይዝ ይጠይቃል። እነዚህ ማጣሪያዎች የቲነርን ትነት አይዙም። የመኖሪያ ቤት ቅርብ ከሆነ ጭስ ማውጫው ከጣሪያ በላይ በቂ ከፍታ ሊኖረውና ከአየር ማስገቢያው ሊርቅ ይገባል፤ ሽታውን ለመቀነስ የከሰል ማጣሪያ ይጨመራል።

ማጣሪያ የሚለወጥበትን ጊዜ በዓይን መገመት አስተማማኝ አይደለም። በክፍሉ ላይ የተገጠመ የግፊት መለኪያ ማጣሪያው ሲደፈን ለውጡን ያሳያል። መለወጫው በአገር ውስጥ ገበያ የማይገኝ ከሆነ ውዱ ክፍል በጥቂት ወራት ውስጥ አየር የማይስብ ሳጥን ይሆናል።

የእሳት ደህንነት

የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፤ በወለልና በጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሶኬት ወይም ብልጭታ የሚያወጣ ሞተር መኖር የለበትም። መብራቶች ከክፍሉ ውጭ ሆነው በታሸገ መስታወት በኩል ያበራሉ፤ ካልሆነም ፍንዳታን ለመከላከል የተሠሩ መሆን አለባቸው። ጥሩ ክፍል ማራገቢያው ካልሠራ ወደ ሽጉጡ የሚሄደውን አየር በራሱ የሚዘጋ መቆለፊያ አለው። መብራት ሲጠፋ ቀቢው በቆመ አየር ውስጥ መርጨቱን እንዳይቀጥል የሚያደርገው ይህ ነው። ከማድረቅ በፊትም ማራገቢያው ትነቱን ጠርጎ እንዲያወጣ ጊዜ ይሰጠዋል።

ከመግዛት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

• በቀን ስንት መኪና ይቀባል? አንድ መኪና ክፍሉን ለ2 ሰዓት ተኩል ከያዘ በ8 የሥራ ሰዓት 3 መኪና ብቻ ይስተናገዳል። ስቱኮ መቀባትና በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ከክፍሉ ውጭ ካልተሠራ ቁጥሩ ከዚህም ያንሳል።
• የሚቀባው ቀለም ምንድን ነው? በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ከሙቀት ይልቅ በላዩ ላይ የሚሄድ ብዙ አየር ይፈልጋል።
• የኮምፕረሰሩ አየር ደረቅና ከዘይት የጸዳ ነው? ዘይት ያለበት አየር በቀለሙ ላይ «የዓሣ ዓይን» የሚባሉ ጉድጓዶችን ይፈጥራል፤ ይህን ክፍሉ አያድነውም።
• ሻጩ ከተከላ በኋላ የአየሩን ፍጥነትና የመጥሪያ ጊዜውን በጋራዡ ውስጥ ለክቶ ያስረክባል?
• ማጣሪያ፣ የማራገቢያ ቀበቶና የማቃጠያ መለዋወጫ በአገር ውስጥ ይገኛል?

በጀቱ ለሙሉ ቁልቁል ፍሰት የማይበቃ ጋራዥ በአግባቡ የተሠራ የአግድም ፍሰት ክፍል ከአየር ቱቦ ጭንብል ጋር ቢጠቀም በጓሮ ወይም በሸራ በተጋረደ ጥግ ከመቀባት በእጅጉ ይሻላል። በአንጻሩ አየሩ ያልተለካ ውድ ክፍል ቀቢውን ሳይጠብቀው እንደተጠበቀ እንዲሰማው ያደርጋል።