ጉባኤው የማንን ድምፅ ይሰማል?

በመንዝ የጓሳን ሣር ለዘመናት የጠበቀው የቄሮ ሥርዓት፣ ሣሩ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ እየወሰነ ምድሩን ከጥፋት ያዳነ ታላቅ ጥበብ መሆኑ የማይካድ ቢሆንም፣ የመጠቀም መብቱ ከአቅኚ አባቶች ከአስቦና ከጌራ በሚቆጠር ትውልድ ላይ የተመሠረተ ስለ ነበረ፣ ርስት የሌለው ከደጅ ይቀር ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያን አጥር ሲያፈርስ ሥርዓቱም አብሮ ፈረሰ።

ከዚህ መገለል ተምረን፣ ዛሬ ተራ ዜጎች በጋራ ጉዳይ የሚመክሩበትን የዜጎች ጉባኤ የምናዘጋጅ ባለሙያዎች ልናስተውለው የሚገባን፣ መገለል በአንዲት ነፍስ ላይ ተደራርቦ የሚያርፍ መሆኑን ነው፤ «ሴቶች ይግቡ» የሚል ድንጋጌ ባለመሬቲቱን ሲያስገባ፣ መሬት የሌላትንና በሸክላ ሥራዋ የምትናቀውን መበለት ከነድምፅዋ ይረሳታልና።

በ2016 እ.ኤ.አ. አየርላንድ ለእንዲህ ያለ ጉባኤ 99 ዜጎችን በዕጣ ሰብስባለች። እኛም ዕጣ ብንጥል፦

• ጾታን፣ መሬትን፣ ሙያንና የአካል ጉዳትን ለየብቻ ሳይሆን በአንድነት እንመዝን፤
• ሰዓቱንና ስፍራውን ውኃና እንጨት ለምትሸከመው እናመቻች፤ የቀን ገቢዋንም እንተካ፤
• ከታላቁ ጉባኤ አስቀድሞ ዝምተኞቹ ለብቻቸው ይምከሩ፤ ቃላቸውም በመጀመሪያ ይነበብ።

በእናንተ ቀበሌ ስብሰባ ፈጽሞ የማይናገረው ማን ነው? ምክንያቱንም ጻፉልን።