ስንኝ ሰጪው አዳማጭ፦ የገበያና የመንገድ አዝማሪ ጨዋታ እንዴት ይጠና?

በገበያና በመንገድ ዳር የሚቀርብ ሙዚቃ በአብዛኛው የሚጠናው ከአቅራቢው አንጻር ነው። ማን ተጫወተ፣ በምን መሣሪያ፣ በየትኛው ቅኝት የሚሉት ጥያቄዎች ይቀድማሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ በአዝማሪ ጨዋታ አዳማጩም የፈጠራው ተካፋይ መሆኑን ያስረዳል፤ ይህም ለመስክ ጥናት ያለውን ትርጉም ያመለክታል።

መሰንቆ ባለ አንድ አውታር መሣሪያ ነው። አውታሩ ከፈረስ ጭራ ይሠራል፤ የድምፅ ሣጥኑም በቆዳ የተለበጠ ባለ አራት ማዕዘን ነው። ቀላል በመሆኑ አዝማሪው ቆሞም እየተዘዋወረም ሊጫወትበት ይችላል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት ቅኝቶች ለአዳማጩ እንግዳ አይደሉም፤ ዜማውም ስለሚደጋገም ጆሮ ወደ ቃሉ ያዘነብላል። የጨዋታው ደስታ በዋናነት የሚመነጨው አዲሱ ስንኝ በታወቀው ዜማ ላይ ሲያርፍ ነው።

ያ ስንኝ ሁልጊዜ የአዝማሪው አይደለም። ከአዳማጮች አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። ሙገሳ ሊሆን ይችላል፣ ሽሙጥም ሊሆን ይችላል። በሰምና ወርቅ የተሠራ ከሆነ ሰሙን ሁሉም ይሰማል፤ ወርቁን ግን የሚያገኘው ነገሩን የሚያውቅ ብቻ ነው። በግንባር ላይ የሚለጠፈው ብርም ሽልማት ብቻ ሳይሆን አዳማጩ መልእክቱ እንደገባው የሚያሳይበት ምልክት ነው። በዚህ መንገድ የንግግሩ ኃላፊነት በሰጪውና በተቀባዩ መካከል ይከፈላል፤ በግልጽ ሊነገር የማይደፈረው ነገርም በአደባባይ ይነገራል።

ይህ ኃይል ለገዥዎች ስጋት የሆነበት ጊዜ ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የፋሺስት ጣሊያን አስተዳደር በጠንቋዮችና በባሕታውያን ላይ እንዳደረገው ሁሉ፣ ዜና በቃል በሚያሠራጩ ዘፋኞችም ላይ የግድያ እርምጃ ወስዷል።

የላሊበሎች ልማድ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ላሊበሎች ጎሕ ሲቀድ በየደጁ ቆመው ያዜማሉ፤ የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ጠይቀው በዜማቸው ያስገባሉ፤ ምጽዋት ሲቀበሉም ይመርቃሉ። በዚህ ጊዜ አዳማጩ ግጥም አይሰጥም፤ ይሁን እንጂ ስሙና ስጦታው የዜማው አካል ይሆናሉ።

አሸናፊ ከበደ በ1975 እ.ኤ.አ. ስለ አዝማሪ ያሳተሙት ጥናት ለዘርፉ መሠረት ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ነው። ዛሬ በሰቆጣ ወይም በዝቋላ ገበያ የሚሠማራ ተመራማሪ በዚህ ላይ ሁለት ጉዳዮችን መጨመር ይኖርበታል። የመጀመሪያው ቋንቋ ነው፦ በዋግ ኽምራ ኽምጣንግና አማርኛ ጎን ለጎን ስለሚነገሩ፣ ስንኙ በየትኛው ቋንቋ እንደተሰጠና ወርቁ ለየትኛው አዳማጭ እንደተሰወረ መመዝገብ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ድምፅ ማጉያ ነው። እንደ አዲስ አበባው መርካቶ ባሉ የንግድ ሥፍራዎች ከየሱቁ የሚለቀቅ የተቀዳ ዘፈን ከሁሉ በፊት የሚሸፍነው የአዳማጩን ያልጎላ ድምፅ ነው። «ተቀበል» ባይ ካልተሰማ አዝማሪው የሚቀበለው ስንኝ አይኖርም፤ የሚቀረው ተጠንቶ የመጣ ዘፈን ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ መቅረጸ ድምፅ ወደ አዝማሪው ብቻ ከዞረ መረጃው ጎዶሎ ይሆናል። ስንኝ ሰጪው፣ የቆመበት ቦታ፣ የሳቀውና ዝም ያለው አዳማጭ አብረው ሊመዘገቡ ይገባል። ፈቃድም ከአዝማሪው ብቻ ሳይሆን ከስንኝ ሰጪው መጠየቅ አለበት፤ ወርቁ ሲገለጥ የሚጠየቀው እርሱ ሊሆን ይችላልና።