የካሳ ቃል ጠባቂዎች፦ የአሜሪካ ግዛቶች የመድን ተቆጣጣሪ ከ1851 እስከ ዛሬ

አረቦን የሚከፍል ሰው የሚገዛው ቃል ነው። ገንዘቡን ዛሬ ይሰጣል፤ ምላሹን የሚያገኘው ቤቱ ሲቃጠል ወይም መኪናው ሲጋጭ ነው። የሕይወት መድን ከሆነ ደግሞ ቃሉ መከበሩን የሚያዩት ቤተሰቦቹ ብቻ ናቸው። በአገራችን የመድን ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ሲሆን፣ በአሜሪካ ግን ሥልጣኑ የየግዛቱ ነው። 50ዎቹ ግዛቶች፣ ዋሽንግተን ዲሲ እና አምስት የባሕር ማዶ ይዞታዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የመድን ሹም አላቸው። እነዚህ ሹሞች ባለፉት 170 ዓመታት ተራ በተራ ሦስት ጥያቄዎች ቀርበውላቸዋል፦ ገንዘቡ አለ ወይ? ዋጋው ተገቢ ነው ወይ? ኩባንያውስ ይቆያል ወይ? (ዘመኖቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ገንዘቡ አለ ወይ?

የመጀመሪያውን የመድን ተቆጣጣሪ ቦርድ በ1851 ያቋቋመችው ኒው ሃምፕሸር ናት። ለሥራው መልክ የሰጠው ግን የማሳቹሴትሱ ኤሊዙር ራይት ነው። ራይት የሒሳብ ሊቅና የባርነት ተቃዋሚ ነበር። በ1844 ለንደን ሄዶ በሮያል ኤክስቼንጅ አንድ ጨረታ ተመለከተ። አረቦን መክፈል ያቃታቸው አዛውንቶች የሕይወት መድን ውላቸው ለተጫራች ይሸጥ ነበር። የገዛው ሰው አረቦኑን እየከፈለ የሻጩን ሞት ይጠብቃል፤ ሽማግሌው ቶሎ በሞተ መጠን ትርፉ ይጨምራል። ራይት ይህን ሲያይ ትዝ ያለው በአገሩ የሚያውቀው የባሪያ ገበያ ነበር።

አገሩ ተመልሶ ኩባንያዎች ለእያንዳንዱ ውል ምን ያህል መጠባበቂያ መያዝ እንዳለባቸው የሚያሳይ ሠንጠረዥ አሰላ። ማሳቹሴትስ በ1858 መጠባበቂያውን በሕግ አስገደደች፤ እሱም የዚያው ሕግ አስፈጻሚ ሆነ። በ1861 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ አረቦን ያቋረጠ ሰው እስከዚያ የከፈለው ሁሉ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ከለላ ሰጠው። ኩባንያዎቹ ጠሉት፣ ሹመቱም አልቀጠለም፤ ሐሳቡ ግን በሌሎች ግዛቶችም ሕግ ሆነ።

በ1869 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መድን በግዛቶች መካከል የሚደረግ ንግድ አይደለም ብሎ በመወሰኑ ቁጥጥሩ በግዛቶች እጅ ጸና። በግንቦት 1871 የኒው ዮርኩ ሹም ጆርጅ ሚለር የየግዛቱን አቻዎቹን ጠርቶ ዛሬም ያለውን ብሔራዊ ማኅበራቸውን መሠረተ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ቺካጎ ተቃጠለች፤ በርካታ የእሳት መድን ኩባንያዎችም ካሳውን መሸከም አቅቷቸው ከሰሩ። በ1905 ደግሞ በቻርልስ ኢቫንስ ሂውዝ ጠያቂነት የተካሄደው የኒው ዮርክ ምርመራ ታላላቅ የሕይወት መድን ድርጅቶች የደንበኞችን ገንዘብ ለፖለቲከኞችና ለራሳቸው አለቆች ጥቅም ሲያውሉ እንደኖሩ አጋለጠ። ተቆጣጣሪው ቢሮ ያኔም ነበር፤ የጎደለው የሚመረምር ሰው ነው።

ዋጋው ተገቢ ነው ወይ?

በ1944 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቀድሞ አቋሙን ቢለውጥም፣ ኮንግረሱ በቀጣዩ ዓመት በማካራን-ፈርጉሰን ሕግ ሥልጣኑን ለግዛቶች መለሰ። ከዚያ በኋላ የተመን ምርመራ የሥራው እምብርት ሆነ። ኩባንያው ጭማሪ ሲጠይቅ የቢሮው የመድን ስሌት ባለሙያ የተከፈለውንና ወደፊት የሚጠበቀውን ካሳ፣ የአስተዳደር ወጪውን፣ ከተቀመጠው ገንዘብ የሚገኘውን ገቢ እና ትርፉን እየነጠለ ይመረምራል። መመዘኛው ሦስት ነው፦ ዋጋው ከልክ ያለፈ እንዳይሆን፣ ከሚያስፈልገው ያነሰ እንዳይሆን፣ ያለአግባብ እንዳያዳላ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። በቂ ያልሰበሰበ ኩባንያ ካሳ የሚከፍልበት አቅም የለውም።

በ1988 የካሊፎርኒያ መራጮች ፕሮፖዚሽን 103 የተባለውን ሕግ አጽድቀው እንደ መኪናና ቤት ባሉ መድኖች ላይ የሚደረግ ጭማሪ በቅድሚያ እንዲፈቀድ፣ ኮሚሽነሩም በሕዝብ እንዲመረጥ ወሰኑ። ዛሬ 11 ግዛቶች ሹሙን በምርጫ ያስቀምጣሉ፤ በቀሩት በአብዛኞቹ የሚሾመው አገረ ገዥው ነው። ምርጫ በራሱ ዋስትና አይደለም። ከ1994ቱ የኖርዝሪጅ የመሬት መንቀጥቀጥ ጋር በተያያዘ ከኩባንያዎች የተገኘ ገንዘብ ለካሊፎርኒያው ኮሚሽነር ገጽታ ግንባታ መዋሉ ሲጋለጥ፣ ተመራጩ ቻክ ኳከንቡሽ በ2000 ሥልጣኑን ለቋል።

ከሹሙ በታች ያለው ሠራተኛ ስሙ አይነሳም። ጀማሪ የሒሳብ መርማሪ ኩባንያው ድረስ ሄዶ ለወራት መዝገብ ያገላብጣል፤ ይህ ምርመራ ቢያንስ በአምስት ዓመት አንዴ የግድ ነው። ልምድ ሲያካብት የተሻለ ደመወዝ የሚያቀርብለት ብዙ ጊዜ ያው ሲመረምረው የነበረው ዘርፍ ነው። በ1991 ገንዘቡን በደካማ ቦንዶች ላይ ያፈሰሰው የሕይወት መድን ኩባንያ ኤግዜክዩቲቭ ላይፍ በካሊፎርኒያ መንግሥት እጅ ሲገባ፣ በ1992 አንድሪው የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ሲመታ፣ የእነዚህ መርማሪዎች ዋጋ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ኩባንያዎች እንደ ሥጋታቸው መጠን ካፒታል እንዲይዙ ይገደዳሉ።

የወገኖቻችን ጉዳይ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ኡበርና ሊፍት የሚነዱ ወገኖች ብዙ ናቸው። በ2013 የፈረንጆች ዘመን መለወጫ ዋዜማ በሳን ፍራንሲስኮ የኡበርን መተግበሪያ ከፍቶ ተሳፋሪ ይጠብቅ የነበረ ሾፌር የስድስት ዓመት ሕፃን ገጨ፤ ሕፃኗ ሞተች። ኡበር በመኪናው ተሳፋሪ አልነበረም አለ፤ የግል መኪና መድን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለክፍያ የሚሠራን መኪና አይሸፍንም። ግዛቶች ክፍተቱን በሕግ ደፈኑት። በብዙዎቹ መተግበሪያው ተከፍቶ ጥሪ እየተጠበቀ ሳለ ለአንድ ተጎጂ ቢያንስ 50,000 ዶላር፣ ጥሪ ከተቀበሉበት ቅጽበት ጀምሮ ደግሞ 1 ሚሊዮን ዶላር ሽፋን ያስፈልጋል። መተግበሪያው ተከፍቶ ጥሪ ሲጠበቅ ለራስ መኪና ጉዳት የሚሆን ሽፋን ግን ላይኖር ስለሚችል ውልን አንብቦ መጠየቅ ያሻል። ካሳ ያለአግባብ የተከለከለ ሰው ውሉ ለወጣበት ግዛት የመድን ቢሮ ያለክፍያ አቤት ማለት ይችላል፤ ቢሮው ኩባንያውን በጽሑፍ መልስ ያስጠይቀዋል።

ኩባንያውስ ይቆያል ወይ?

አሁን አስጨናቂው ጥያቄ ይህ ነው። ስቴት ፋርም የተባለው የመድን ኩባንያ በግንቦት 2023 በካሊፎርኒያ አዲስ የቤት መድን ማመልከቻ መቀበል አቆመ። የግዛቱ ኮሚሽነር ሪካርዶ ላራ ኩባንያዎች ተመን ሲያወጡ የወደፊት አደጋን በሚተነብዩ ሞዴሎች እንዲጠቀሙ ለመፍቀድ ተስማሙ፤ በምላሹ ለሰደድ እሳት በተጋለጡ አካባቢዎች ሽፋን እንዲያሰፉ ጠየቁ። በጥር 2025 የሎስ አንጀለስ ዳርቻዎች በእሳት ሲነዱ ጥያቄው የሕልውና ሆነ።

የተቆጣጣሪን ሥራ በአረቦን ርካሽነት ብቻ መመዘን ስህተት ነው የምለው ለዚህ ነው። ድምፅ ለማግኘት ተገቢውን ጭማሪ የሚከለክል ሹምና ኩባንያው ያቀረበውን ሁሉ ሳይመረምር የሚያጸድቅ ሹም የሚጎዱት አንድን ሰው ነው፦ ለዓመታት ከፍሎ ካሳ በሚጠይቅበት ቀን ከፋይ የሚያጣውን። ከራይት ሠንጠረዥ እስከ ዛሬዎቹ ሞዴሎች መሣሪያው ብዙ ጊዜ ተለውጧል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ሌሎቹን ሁሉ ይቀድማል።